የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ እትም፦ በጅማ በፍላሽ የሚዞረው ፋይል ይታመናል ወይ?

ማክሪየም ሪፍሌክት የዊንዶውስ ኮምፒውተርን ዲስክ ከነፕሮግራሙና ከነሰነዱ ቀድቶ በአንድ ትልቅ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ዲስኩ ሲሞት ወይም ቫይረስ ሲያበላሸው ደግሞ ያንኑ ቅጂ መልሶ የሚዘረጋ የባክአፕ ፕሮግራም ነው። አምራቹ የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን፣ ነፃ እትሙ ለረጅም ዓመታት ገንዘብ ለማይከፍል ተጠቃሚ ከቀረቡት መሰል ፕሮግራሞች ሁሉ የላቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። በጅማ እኔ በማውቃቸው ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉ የሒሳብ ቢሮዎች፣ ፎቶ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎች ፕሮግራሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ፕሮግራሙን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በስሙ የሚዞረው ኤክሴ ፋይል (ሲከፈት ፕሮግራም የሚያስነሣው ፋይል) ሁልጊዜ እውነተኛው ፕሮግራም አለመሆኑን፣ እውነተኛውን ከተነካካው መለየትም በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚቻል ቀላል ሥራ መሆኑን ለማሳየት ጭምር ነው።

ማንኛውም ኤክሴ ፋይል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የባክአፕ ፕሮግራም ኤክሴ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ይፈልጋል። ቪዲዮ ማጫወቻ የሚያየው የከፈትንለትን ፋይል ነው። የባክአፕ ፕሮግራም ግን ሥራውን ለመሥራት ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከበስተጀርባ የሚነሣ አገልግሎት ይተክላል፣ ክፍት ሆነው የሚሠሩ ፋይሎችን ሳይቀር በዊንዶውስ የጥላ ቅጂ አገልግሎት በኩል ይቀዳል። ከዚህም በላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችንን የምንሰካው እርሱ እየሠራ ባለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህ አንድ ፋይል ከተመረዘ ዋናው ሰነድም መጠባበቂያውም በአንድ እጅ ይወድቃሉ። የአንድ ቡና ነጋዴ የዓመታት ሒሳብ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተመዝግቦ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ፣ በተለይም ሐምሌ ገብቶ የግብር ሥራው በሚጣደፍበት ወቅት፣ የዚህን ጉዳት መጠን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የማክሪየም ነገር ዛሬ የበለጠ አሳሳቢ የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። ኩባንያው ነፃ እትሙን ማቅረብ እንደሚያቆም አስታውቆ፣ ለስሪት 8 ነፃ እትም የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ገድቦት ነበር። አሁን ከአምራቹ በቀጥታ የሚገኘው የሚከፈልበት እትምና የ30 ቀን የሙከራ ጊዜው ነው። ይህ ማለት ዛሬ «ማክሪየም ነፃው» ተብሎ የሚሰጥ ፋይል ሁሉ ከሦስተኛ ወገን የመጣ ነው፤ ወይ አንድ ሰው ቀድሞ አውርዶ ያስቀመጠው ነው፣ ወይ የፕሮግራም ማከማቻ ድረ ገጾች ይዘው የቆዩት ነው፣ ወይ ደግሞ የሚከፈልበት እትም በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ማረጋገጫውን በመስበር፣ «ነፃ» የተደረገ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛው እንደ ድረ ገጹ ይለያያል፤ ሦስተኛውን በምንም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ አልጭንም።

ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ሄርማታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ቅጂዎችን በአንድ ፍላሽ ይዛ ጠበቀችኝ፤ አንዱን ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ይዛው የመጣች ሲሆን ሌላውን የሰጣት አንድ የጥገና ቤት ነው። የሁለቱም ስም አንድ ዓይነት ነው፣ ምልክታቸውም ያው ሰማያዊው የማክሪየም ምልክት ነው። «ወንድሜ፣ ስሙም መልኩም ያው አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ስምና ምልክት ግን ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊቀይራቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገን «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ስንከፍት፣ የመጀመሪያው ቅጂ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ገጽ ነበረው፤ በውስጡም «ፓራማውንት ሶፍትዌር ዩኬ ሊሚትድ» የሚል ስም ተጽፏል። ይህ የማክሪየም አምራች ኩባንያ ሕጋዊ ስም ነው። ሁለተኛውም ይኸው ገጽና ይኸው ስም ነበረው። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙን አይቶ «ፊርማ አለው» ይላል። ነገር ግን ገጹ መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ፊርማው በእርግጥ ከፋይሉ ይዘት ጋር መግጠም አለመግጠሙ የሚታወቀው ስሙን መርጠን «ዲቴይልስ» የሚለውን ስንጫን ነው። ስንጫነው የመጀመሪያው ቅጂ ዲጂታል ፊርማው ትክክል መሆኑን ሲናገር፣ ሁለተኛው ግን ፊርማው ትክክል አለመሆኑን ተናገረ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኩባንያው ፋይሉን ሲፈርም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አንድ አሻራ ይወሰድና በኩባንያው ምስጢራዊ ቁልፍ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ አንዲት ባይት ብትቀየር አሻራው ይለወጣል፣ ፊርማውም አይገጥምም። ክራክ የሚሠራ ሰው የፈቃድ ማረጋገጫውን ለመስበር የግድ የፋይሉን ውስጥ መንካት አለበት፤ ሲነካው ደግሞ የኩባንያው ቁልፍ በእጁ ስለሌለ መልሶ ሊፈርምለት አይችልም። ስለዚህ የተሰበረ ፊርማ «ምናልባት አንቲ ቫይረሱ ተሳስቶ ይሆናል» የሚያሰኝ ነገር አይደለም፤ ፋይሉ ከአምራቹ እንደወጣ አለመሆኑን ያሳያል። ለውጡ ክራክ ብቻ ይሁን፣ ክራክና ስርቆት ይሁን፣ ወይም ሲገለበጥ የተበላሸ ይሁን ከፊርማው ማወቅ አይቻልም፤ በሦስቱም ቢሆን ግን አልጭነውም። በዚያው የጥገና ቤት ፎልደር ውስጥ «መጀመሪያ አንቲ ቫይረሱን አጥፉ፣ ኢንተርኔቱንም አቋርጡ» የሚል ማስታወሻም ነበር። ሕጋዊ የባክአፕ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር ከተጠቃሚው አይጠይቅም። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ በመባል የሚታወቀው ራንሰምዌር (ሰነድ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ለዓመታት የተስፋፋው በዋነኛነት እንዲህ ባሉ ክራኮችና የቁልፍ ማመንጫ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ሰነዱን ከራንሰምዌር ለመጠበቅ ባክአፕ የፈለገ ሰው ራንሰምዌሩን በገዛ እጁ ሲያስገባ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

በዚህ ምርመራ ላይ ቸኩሎ ከመፍረድ የሚያድኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ነው። በከተማችን ቢሮዎች ያሉ ብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀናቸው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ሰርተፊኬትን፣ ማለትም የፈራሚውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ሰነድ፣ በትክክል ሊመዝን ስለማይችል፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሳይታደስ የቆየ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን የፊርማ ማሻሻያ ያላገኘ ዊንዶውስ 7 በአዲሱ ስልት የተፈረመን ጤነኛ ፋይል ላያውቀው ይችላል። በዚህ ጊዜ ፋይሉን በታደሰ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ወስዶ መመርመር ነው። በሌላ በኩል የፈራሚው ሰርተፊኬት ጊዜ አልፎበታል ተብሎ ብቻ ፋይል አይጣልም፤ ፊርማው የተደረገበት ሰዓት በታመነ ማኅተም አብሮ ከተመዘገበ፣ ሰርተፊኬቱ በሥራ ላይ እያለ የተፈረመ ፋይል ከዚያም በኋላ ትክክለኛ ሆኖ ይቆያል። የቆየ የማክሪየም ፋይል ሲመረመር ይህ በጣም አስፈላጊ ነው።

ፍላሽን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ አገር አሠራር ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ይመስለኛል። ፋይል በብራውዘር ስናወርድ ዊንዶውስ «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚል የተደበቀ ምልክት ያስርበታል፤ ስማርት ስክሪን የተባለው መከላከያም ያንን ምልክት ተመልክቶ የማይታወቅ ፕሮግራም ሊከፈት ሲል ያስጠነቅቃል። ይህ ምልክት የሚቀመጠው ግን ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዲስክ አደረጃጀት ላይ ነው። አብዛኛው ፍላሽ የሚሠራው በፋት 32 ወይም በኤክስፋት ስለሆነ፣ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ምልክቱ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈትም ማስጠንቀቂያው አይመጣም። «ምንም አላለኝም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው አባባል በፍላሽ ለመጣ ፋይል አይሠራም፤ ዊንዶውስ ዝም ያለው ፋይሉን አምኖት ሳይሆን ከየት እንደመጣ ስላላወቀ ነው። የሚቀረው የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያው መስኮት ብቻ ነው። በዚያ መስኮት ላይ ሰማያዊ መደብና የተረጋገጠ የአምራች ስም ካለ ፊርማው ተነብቧል ማለት ነው፤ ቢጫ ሆኖ አምራቹ አይታወቅም ካለ «አይ» የሚለውን ተጭኖ መመለስ ይሻላል። በተጨማሪም ዊንዶውስ የታወቁ ፋይሎችን ቅጥያ (በስማቸው መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን) እንዲደብቅ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ ያንን ቅንብር ማጥፋት ይገባል፤ የፎልደር ወይም የፒዲኤፍ ምልክት የለበሰ ኤክሴ የሚጋለጠው ያኔ ነው። በሾርትከት ቫይረስ ፍላሹ የተጎዳበት ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል።

ፊርማውን አልፎ የሚመጣው ጥያቄ «ሌሎች መርማሪዎች ስለዚህ ፋይል ምን ይላሉ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በስፔን የተመሠረተውና ከ2012 ጀምሮ የጉግል የሆነው ቫይረስ ቶታል አንድን ፋይል ከ70 በላይ በሆኑ አንቲ ቫይረሶች ያስመረምራል። በሞባይል ዳታ ትልቅ ፋይል መጫን ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ነገር ግን ፋይሉን መላክ አያስፈልግም። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ መስኮት በፓወርሼል «ጌት ፋይል ሀሽ» የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ አድራሻ ጋር ስንሰጥ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አሻራ ይወጣል፤ ይህንን አሻራ ብቻ በቫይረስ ቶታል መፈለጊያ ላይ ለጥፎ መጠየቅ ይቻላል፣ የሚወስደውም ዳታ አንድ ድረ ገጽ የመክፈት ያህል ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ «ሰርት ዩቲል» የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል፤ ብቻ ሻ 256 የሚለውን የአሻራ ዓይነት መግለጽ ያስፈልጋል። ፋይሉ በብዙ ሰው እጅ የኖረ እውነተኛ ቅጂ ከሆነ ውጤቱ አስቀድሞ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለ አንድ ታዋቂ ፕሮግራም መጫኛ «እንዲህ ያለ ፋይል አይተን አናውቅም» የሚል መልስ ከመጣ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በብዙዎች የተሠራበት ፋይል ለቫይረስ ቶታል እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት እምብዛም አይኖርም። ከ70ዎቹ አንድ ወይም ሁለት ብዙም የማይታወቁ መርማሪዎች ብቻ በጥቅል ስም ቢከሱትና ፊርማው ትክክል ከሆነ ብዙም አልደነግጥም፤ ታዋቂዎቹ በአንድ ላይ የሚከሱት ከሆነ ግን ክርክር የለም። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ወደ ቫይረስ ቶታል የሚላክ ፋይል ለአገልግሎቱ ደንበኞች ሊታይ ስለሚችል፣ የደንበኛን የሒሳብ ሰነድ ወይም የባክአፕ ፋይሉን ራሱን ወደዚያ መላክ ፈጽሞ አይገባም።

ፊርማ ትክክል መሆኑም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 እኛም አገር በሰፊው የሚታወቀው የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም ሲክሊነር፣ በስሪት 5.33፣ ሰርጎ ገቦች ወደ አምራቹ የምርት ሥርዓት ዘልቀው ስለገቡ፣ በአምራቹ ትክክለኛ ፊርማ ተፈርሞ ከነተንኮል ፕሮግራሙ ወጥቷል፤ ወደ 2.27 ሚሊዮን በሚጠጉ ኮምፒውተሮችም ላይ ተጭኗል። ፊርማ የሚነግረን ፋይሉ ከማን እንደወጣና ከዚያ ወዲህ አለመነካቱን እንጂ፣ ያወጣው ሰው ቤት ደህና እንደነበረ አይደለም። ስለዚህ ነው ፊርማውንና የቫይረስ ቶታልን ውጤት አንድ ላይ ማየትን የምመክረው።

ፕሮግራሙ አስቀድሞ ተጭኖ ላገኘው ሰውም መመርመሪያው ቅርብ ነው። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያሳየው ታስክ ማኔጀር ውስጥ የማክሪየም ስም ያለበትን መስመር ቀኝ ክሊክ አድርጎ የፋይሉን ቦታ መክፈት ይቻላል። የፕሮግራሙ ፋይል የሆነው ትክክለኛው «ሪፍሌክት ቢን» የሚገኘው በሲ ድራይቭ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ፣ «ማክሪየም» ከሚለው ፎልደር ሥር «ሪፍሌክት» በሚለው ነው፤ ከበስተጀርባ የሚሠራው «ማክሪየም ሰርቪስ» ደግሞ በዚያው በማክሪየም ፎልደር «ኮመን» በሚለው ሥር ነው። ተመሳሳይ ስም ይዞ በተጠቃሚው «አፕ ዳታ» ወይም «ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ የሚሠራ ፋይል ከተገኘ የማክሪየም አይደለም ብሎ መነሣት ይገባል። የማይክሮሶፍት የራሱ መሣሪያ የሆነው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ይህን ሥራ በጣም ያቀልላል፤ በሥራ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፕሮግራም ፊርማ አረጋግጦ፣ ከተፈለገም አሻራውን ከቫይረስ ቶታል ጋር አስተያይቶ በአንድ ሰንጠረዥ ያሳያል።

ወደ ፕሮግራሙ ልመለስ። ፊርማው ትክክል የሆነውን ያንን የመጀመሪያ ቅጂ ጭነን የዲስኩን ሙሉ ምስል (ዲስኩን እንዳለ የያዘውን ቅጂ) ወደ ኤክስተርናል ወሰድን፤ ሥራው በሰላም አለቀ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ የጻፈውን ምስል ራሱ እንዲያረጋግጥ አደረግነው። ይህ የማረጋገጫ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን በመሐል የተቋረጠ ምስልን ጤነኛ ነው ብሎ ከማስቀመጥ ያድናልና መዝለል አይገባም። ከሁሉ የወደድኩት ምስሉን እንደ አንድ ድራይቭ ከፍቶ ውስጡን ማየት መቻሉ ነው። የፒችትሪን የድርጅት ፎልደር ብቻ ከምስሉ ውስጥ አውጥተን በሌላ ቦታ ከፈትነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም የመጨረሻውን ምዝገባ አይታ አረጋገጠች። ሙሉውን ዲስክ ሳይመልሱ አንድን ፎልደር መርጦ ማውጣት በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሣ ሲል የሚያገለግለውን የማዳኛ ፍላሽም ፕሮግራሙ ራሱ ያዘጋጃል፤ ይህ ፍላሽ ዛሬ ተሠርቶ፣ ኮምፒውተሩ በእርሱ መነሣቱ ዛሬውኑ መሞከር አለበት። የነፃው እትም ጉልህ ጉድለት ምስሉን በይለፍ ቃል አለመቆለፉና ራንሰምዌር የባክአፕ ፋይሎችን እንዳይነካ የሚከለክለውን ጥበቃ አለመያዙ ነው፤ ሁለቱም በሚከፈልበት እትም ብቻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ በነፃው የሚሠራ ሰው ቅጂው እንዳለቀ ኤክስተርናሉን ነቅሎ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ አለበት፤ ሌላ መከላከያ የለውም።

እንግዲህ ይመከራል ወይ? ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ የነፃው ስሪት 8 ቅጂ ያለው፣ ኮምፒውተሩም ከኢንተርኔት የማይገናኝ ወይም እምብዛም የማይገናኝ ሰው ሊሠራበት ይችላል፤ የቆዩ ምስሎችን ለመክፈትና ለመመለስም ያስፈልገዋል። በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ በሚውል የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን፣ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ፈቃድ ይዞ የሚሠራና ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ የሌለው ፕሮግራም አዲስ እንዲጫን አልመክርም። የሚከፈልበትን መግዛት የሚችል ድርጅት ይግዛ፤ በብር ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ መግዛት አስቸጋሪ መሆኑን ስለማውቅ ግን ይህን ለሁሉም ሰው አልልም። መግዛት ለማይችለው፣ ሙሉ ዲስክ ለመቅዳት አሁንም በአምራቹ በነፃ የሚቀርበው የቪም ኤጀንት ለዊንዶውስ አለለት። ፋይሎችን ብቻ ቆልፎ ለማስቀመጥ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ዱፕሊካቲ አለ፤ ይህኛው የዲስክ ምስል አይወስድም፣ ነገር ግን ሰነዱን ወደ ኤክስተርናል ወይም ወደ ደመና ከመላኩ በፊት ኤኢኤስ 256 በተባለው ጠንካራ የመቆለፊያ ስልት ይቆልፈዋል። ለፒችትሪ ፎልደር ብቻ ከሆነ ይህኛው ይበቃል፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ሰነዱ አይከፈትምና በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ መቆለፍ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከአምራቾቻቸው ድረ ገጽ በቀጥታ መውረድ አለባቸው፤ በፍላሽ ከመጡም ያው የፊርማና የአሻራ ምርመራ ይመለከታቸዋል።